ኬሚስትሪን በኢንተርኔት ስለ መማር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



እኔ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ ያዩ፣ ብዙም ያነበቡ ሰዎች በዚህ አዳራሽ እንደ ተቀመጡ አውቃለሁ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለማስተማር ሳይሆን፣ አንድ ተማሪ ያየውንና የደረሰበትን በቅን ልቡና ለማስረዳት ያህል ብቻ መሆኑን አስቀድማችሁ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ።

ርእሴን ለጓደኞቼ በነገርኳቸው ጊዜ «በበዓል ቀን ስለ ኬሚስትሪ ማን ይሰማል?» ብለው ስቀውብኛል። ዳሩ ግን ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ለዚህ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን የቀድሞ ተማሮች ለትምህርት ቤታችን አንድ ስጦታ ለማበርከት ማሰባቸውን ሁላችንም በደስታ ሰምተናል። የስጦታው ዓይነት ግን ገና አልተወሰነም። አንዳንዶች «ኮምፒዩተሮች ይገዙ፤ ዛሬ ዕውቀት ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ያረጀውን ላቦራቶሪ ማደስ ገንዘብ ማባከን ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ስልክና ኮምፒዩተር ልጆቻችንን ከጨዋታ በቀር ምን አስተማራቸው? ይልቅስ ላቦራቶሪው ይታደስ» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ይህን የሚሉት ለእኛ በማሰብ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን በስጦታው የምንማርበት እኛ ተማሮች አሳባችንን የጠየቀን ሰው የለም። እንግዲህ ሳልጠየቅ መናገሬን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የበኩሌን አስተያየት ልናገር።

በመጀመሪያ ኬሚስትሪ ለብዙዎቻችን ለምን እንደሚከብድ እንመልከት። የሚከብደን ሰነፎች ስለ ሆንን ብቻ አይደለም። ኬሚስትሪ የሚነግረን በዓይን ስለማይታይ ነገር ነው። 18 ግራም ውሃ፣ ማለት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጥ ውሃ፣ በውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች ቢቆጠሩ፣ 6 ተጽፎ ከእርሱ ቀጥሎ 23 ዜሮዎች ቢደረደሩ ከሚነበበው ቁጥር ይበልጣሉ። ይህን የሚያህል ብዛት ያለውን፣ ይህን ያህልም ጥቃቅን የሆነውን ነገር ማን አይቶት ያውቃል? ተማሪው ያላየውን እንዲያምን፣ ያመነውንም በቀመር እንዲጽፍ፣ የጻፈውንም በቁጥር እንዲያሰላ ይጠየቃል። ከዚህም በላይ ትምህርቱ የሚሰጠን በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ገና ነገሩን ሳናውቀው ስሙን ለመያዝ እንታገላለን። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሽምደዳ ነው።

በሥዕልና በድምፅ የማስተማር አሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከታላላቆቻችን መካከል «ፕላዝማ» የሚባለውን የምታስታውሱ ብዙ ትሆናላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት መሰጠት ጀምሮ ነበር። የሚያሳያቸው ሥዕሎች መልካም ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ እንደሚናገረው፣ የፕላዝማው አስተማሪ ማንንም አይጠብቅም ነበር። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል አይሰማውም፤ ጽፎ ሳይጨርስ ገጹ ያልፋል፤ መብራት ከጠፋም የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል። የክፍሉ አስተማሪም በገዛ ክፍሉ እንደ እንግዳ ሆኖ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር ይባላል። ይህን የማነሣው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ነገር ከዚያ በምን እንደሚለይ፣ ደግሞም በምን ሊመስለው እንደሚችል ለማሳየት ነው።

እንግዲህ ስለ ኬሚስትሪ በኢንተርኔት ላይ የሚገኙትን ጥቂቶች ልጥቀስ። ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

የመጀመሪያው «ፌት» የሚባለው ነው። ይህን ያቋቋሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ካርል ዋይማን ሲሆኑ፣ ሥራው የተጀመረው በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በስሙ ከፊዚክስ የተነሣ ቢሆንም፣ ለኬሚስትሪም ብዙ አዘጋጅቷል። ፌት የሚያቀርበው የሚታይ ፊልም ሳይሆን፣ ተማሪው በጣቱ የሚነካውና የሚለውጠው ሥዕላዊ ሙከራ ነው። አቶም ትሠራላችሁ፤ ጨው በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሶዲየሙና ክሎሪኑ እንዴት ተለያይተው እንደሚሄዱ ትመለከታላችሁ፤ ጋዝ ስታሞቁ ሞለኪውሎቹ እንዴት እንደሚፈጥኑ ታያላችሁ።

ከእነዚህ አንዱ በእጅጉ ጠቅሞኛልና በምሳሌ ላስረዳ። በኬሚስትሪ አንድ ውህድ ሲሠራ፣ ቀድሞ የሚያልቀው ነገር የውጤቱን መጠን ይወስናል የሚል ትምህርት አለ። እኔ ይህን ሕግ በቃሌ ይዤው ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር። ፌት ነገሩን የሚጀምረው ከዳቦና ከአይብ ነው። እኔም ለእናቴ በእንጀራ አድርጌ አስረዳኋት። ለአንድ ሰው 2 እንጀራና 1 ጭልፋ ወጥ የሚቀርብ ቢሆን፣ በቤት ውስጥም 10 እንጀራና 3 ጭልፋ ወጥ ብቻ ቢኖር፣ ስንት ሰው ይበላል? እናቴ ሳትቆይ «3 ሰው ነዋ! 4 እንጀራ ይተርፋል» አለችኝ። ውሃ ሲሠራም እንዲሁ ነው። 2 የሃይድሮጂን ሞለኪውሎች ከ1 የኦክስጅን ሞለኪውል ጋራ ተዋሕደው 2 የውሃ ሞለኪውሎች ይሰጣሉ። 10 ሃይድሮጂንና 3 ኦክስጅን ቢኖረን 6 ውሃ ይሆናል፤ 4 ሃይድሮጂንም ይተርፋል። ቀድሞ ያለቀው ወጡ፣ ማለት ኦክስጅኑ ነው። እናቴ ኬሚስትሪ ተምራ አታውቅም፤ ነገር ግን ጥያቄውን ከእኔ ቀድማ መለሰችው።

ሁለተኛው እንግሊዝ አገር የሚገኘው የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከ2008 ጀምሮ ያወጣቸው «ፔሪዮዲክ ቪዲዮስ» የሚባሉት ፊልሞች ናቸው። ፕሮፌሰር ማርቲን ፖሊያኮፍና የሥራ ባልደረቦቻቸው ለ118ቱ ንጥረ ነገሮች ለእያንዳንዳቸው ፊልም ሠርተውላቸዋል። በላቦራቶሪያችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰንጠረዥ በ103 ቁጥር እንደሚያበቃ ልብ ብላችሁት ይሆናል። ሜንዴሌየቭ ሰንጠረዡን በ1869 ሲያወጣ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ ኒሆኒየም፣ ሞስኮቪየም፣ ቴነሲንና ኦጋነሰን የተባሉት አራቱ ስማቸው ጸድቆ ሰባተኛው ረድፍ ሞልቷል። የግድግዳው ሰንጠረዥ ይህን አይነግረንም። ደግሞም እንደ ሲዝየም ያለው ብረት ውሃ ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል፤ ይህን በትምህርት ቤታችን ለማየት መመኘት እንኳ አይገባንም። ከሩቅ አገር ሌላ ሰው ተጠንቅቆ ሲሠራው ማየት ግን ትልቅ ጥቅም ነው።

ሦስተኛው «ካን አካዳሚ» ነው። ሳልማን ካን የተባለው ሰው በ2004 ለአንዲት ዘመዱ በሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስረዳት ጀመረ፤ ነገሩ እየሰፋ ሄዶ በ2008 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ። ዛሬ ኬሚስትሪንም ከመጀመሪያው አንሥቶ ደረጃ በደረጃ ያስተምራል፤ መልመጃም ይሰጣል። ከፕላዝማው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያልገባው ተማሪ ያቆመዋል፤ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ አሥር ጊዜ ቢደግመው የሚቆጣው የለም፤ የሚስቅበትም የለም።

አራተኛው «ፐብኬም» የሚባለው መዝገብ ነው። ይህን በ2004 የከፈተው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሲሆን፣ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ውህዶች ተመዝግበውበታል። የአንዱን ውህድ ስም ብትጽፉ ቅርጹን፣ የሚቀልጥበትንና የሚፈላበትን ሙቀት፣ ይልቁንም አደጋውን ይነግራችኋል። በላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት ስሙ በዚህ መዝገብ ቢታይ፣ ከብዙ ጉዳት እንድናለን።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ የማያኮራኝ ቢሆንም ከንግግሬ ሁሉ ዋናው ይህ ነው።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ስለ አሲድና ስለ ቤዝ እንማር ነበር። ከዚህም ውስጥ ታይትሬሽን የሚባል ሥራ አለ፤ መጠኑ ያልታወቀውን አሲድ፣ መጠኑ በታወቀ ቤዝ እየጠበጠቡ የመለካት ዘዴ ነው። አሲዱ በብልቃጥ ይደረጋል፤ ፊኖልፍታሊን የተባለ ጠቋሚ ጠብ ይደረግበታል፤ ከላይ ቢዩሬት ከተባለው ረጅም የመስተዋት ቱቦ ቤዙ ይንጠባጠባል። አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሌለው ውሃ ድንገት ስስ ሮዝ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ማቆም ነው። እኔ ይህን በኢንተርኔት ፊልም ስመለከት ሰነበትሁ። ሰባት ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ። የሚወጣውን የፒ ኤች መስመር በደብተሬ ሥዬ ነበር፤ መስመሩ መጀመሪያ እንደ ሜዳ ይሄድና፣ መካከል ላይ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያም እንደ ገና ሜዳ ይሆናል። ለጓደኞቼም እንደ አስተማሪ ሆኜ አስረድቻቸዋለሁ።

አስተማሪያችን ይህን ሰምተው ኖሮ፣ በላቦራቶሪ ቀን በመጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው። በብልቃጡ ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር አሲድ አለ፤ ቤዙም ጥንካሬው ከአሲዱ ጋራ እኩል ስለ ነበር፣ የሚያስፈልገው 25 ሚሊ ሊትር ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ አውቄዋለሁ። የቢዩሬቱን መዝጊያ ከፈትሁ። ዓይኔ ከቁጥሩ ላይ እንጂ ከብልቃጡ ላይ አልነበረም። እጄ ተንቀጠቀጠ። መዝጊያው በፊልሙ ላይ እንዳየሁት አልታዘዘልኝም፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ይደርቃል፤ ላላ ሲያደርጉት ይፈስሳል። ቀና ያልሁት ክፍሉ ሲስቅ ነው። ብልቃጡ ስስ ሮዝ ሳይሆን እንደ ጽጌረዳ ደም መስሎ ነበር። ከልኩ ከ3 ሚሊ ሊትር በላይ አሳልፌ ነበር።

እኔ በኀፍረት አቀርቅሬ ሳለሁ፣ አስተማሪያችን ሳይስቁም ሳይቆጡም «ደህና፤ ትምህርቱ አሁን ተጀመረ። ብልቃጡ ይታጠብና እንደ ገና ይሞከር» አሉ። በሁለተኛው ጊዜ 26.3 መጣልኝ። በሦስተኛው ጊዜ በግራ እጄ መዝጊያውን፣ በቀኝ እጄ ብልቃጡን ይዤ፣ እያወዛወዝሁ፣ በመጨረሻ አንዲት አንዲት ጠብታ እየጣልሁ ስሄድ ሮዙ ብቅ ብሎ ጠፋ፤ እንደ ገና ብቅ ብሎ ጠፋ፤ በኋላ ግን ቀረ። 25.1 ሆነ። በዚያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እዚህ ልነግራችሁ አልችልም።

በዚያች ሌሊት ያንኑ ፊልም እንደ ገና ከፈትሁት። መስመሩን ስመለከት፣ ሰባት ጊዜ አይቼው ያላየሁትን አየሁ። የጠቀምንባቸው አሲድና ቤዝ ብርቱ ዓይነት ሆነው ጥንካሬያቸው 0.1 ሞላር ስለ ነበር ላስላው ብዬ ተቀመጥሁ። 24.95 ሚሊ ሊትር ሲገባ ፒ ኤቹ 4 ነው፤ 25.05 ሲገባ 10 ነው። የሁለቱ ልዩነት 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ሁለት ጠብታ ብቻ ነው። እንደ ገደል ቀጥ ብሎ የሚወጣው ያ መስመር ሁለት ጠብታ ኖሯል! ፊልሙ መስመሩን አሳይቶኝ ነበር፤ ጠብታውን ያሳወቀኝ ግን እጄ ነው። ደግሞም በእጄ ብቻ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ፣ ቀለሙ ለምን ድንገት እንደ ተለወጠ ባልገባኝ ነበር። ስለዚህ ክቡራን ሆይ፤ «ኮምፒዩተር ወይስ ላቦራቶሪ?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ «ዓይን ወይስ እጅ?» እንደ ማለት ሆኖ ይሰማኛል።

ይህን ካልሁ በኋላ፣ የኢንተርኔትን ጉድለት ደግሞ መሸሸግ አይገባኝም።

አንደኛው ጉድለት በውስጡ እውነቱና ሐሰቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። በአሁኑ ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ለጠየቁት ሁሉ ይመልሳል። እኔም አንድ ቀን ከእነዚህ አንዱን፣ በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ውስጥ የኦክስጅን የኦክሲዴሽን ቁጥር ስንት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ምንም ሳያመነታ፣ ባማረ ቋንቋ፣ ኔጌቲቭ 2 ነው አለኝ። እኔም በደብተሬ ጻፍሁት። በማግሥቱ አስተማሪያችን «አስላው» ብለው አንድ ጓደኛዬን ጠየቁት። ሁለቱ ሃይድሮጂኖች በያንዳንዳቸው ፖዘቲቭ 1 ናቸው፤ ድምሩ ዜሮ መሆን አለበት፤ ኦክስጅኖቹም ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኔጌቲቭ 1 ነው። ሒሳቡ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ያን አንድ ደቂቃ ለመቈጠብ ስል ስሕተት ተሸክሜ አደርሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የእኛው የተማሮች ነው። በቴሌግራም መጻሕፍትና ማስታወሻዎች እንደምንለዋወጥ ሁሉ የመልመጃ መልስም እንለዋወጣለን። ከጓደኞቼ መካከል ይህን ያላደረገ ካለ ድንጋይ ያንሣ፤ እኔ ግን አድርጌአለሁ። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ስልክ የተላለፈ መልስ በማንም ራስ ውስጥ ሳያልፍ ደብተር ላይ ይደርሳል። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ፣ ፈተናው ተሰርዞ ተማሮች ሁሉ እንደ ገና ለመፈተን መገደዳቸውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በኋላም ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ተደርጎ፣ የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በእኔ አስተያየት ይህ ቁጥር ብዙ ምክንያት አለው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ በሰው መልስ መኖራችን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ሦስተኛው ጉድለት ይህ ሁሉ ሀብት ለሁሉ እኩል አለመድረሱ ነው። ከክፍላችን ተማሮች ብዙዎቹ የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ስልክ ያላቸውም ካርድ የላቸውም። አንድ ፊልም ለማየት አምስት ሆነን በአንድ ስልክ ላይ የተደፋንበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዱ ጓደኛችን ስልክ ስለሌለው፣ እኛ ያየነውን ሥዕል በወረቀት እየገለበጠ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። አሁን ከሁላችን ይልቅ ሞለኪውል አሳምሮ የሚሥለው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የእርሱን ትጋት ያሳያል እንጂ፣ የእኛን ቸልታ ይቅር አያሰኝም።

ለዚህ ለሦስተኛው ጉድለት መድኃኒት አለው። «ኮሊብሪ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ኢንተርኔት በማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ትምህርቶቹ አንድ ጊዜ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ይጫናሉ፤ ከዚያ በኋላ በክፍሉ ያሉት ሌሎች ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ካርድ፣ ከእርሱ ይማራሉ። የካን አካዳሚም ትምህርቶች በዚህ መንገድ ይገኛሉ። የፌትም ሙከራዎች እየወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ወላጆቻችን «እኛስ ምን እናድርግ? ኮምፒዩተርም ላቦራቶሪም በቤታችን የለ» ትሉ ይሆናል። አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በኢንተርኔት ካነበብኋቸው የቤት ውስጥ ሙከራዎች አንዱ በቀይ ጥቅል ጎመን የሚሠራ ነው። ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ በ1664 ባወጣው መጽሐፉ የአበባና የተክል ጭማቂ በአሲድና በቤዝ ቀለሙን እንደሚለውጥ ጽፎ ነበር፤ ይህም ከዚያው ወገን ነው። ጎመኑን ከትፌ በፍል ውሃ ዘፈዘፍሁትና ሐምራዊውን ውሃ በብርጭቆዎች ቀዳሁት። ሎሚ ጨመርሁበት፤ ቀይ ሆነ። የአመድ ውሃ አጥልዬ ጨመርሁበት፤ አረንጓዴ ሆነ። ከእናቴ የእንጀራ እርሾ ጥቂት ጨመርሁበት፤ ወደ ሮዝ አደላ። ለእናቴም «እርሾው አሲድ ነው ማለት ነው» ብዬ በኩራት ነገርኋት። እርስዋም ሳቅ ብላ «መኮምጠጡንማ በአፍንጫዬ አውቀው የለ፤ ልጄ!» አለችኝ።

እኔም በኋላ ስመለከት፣ «አሲድ» የሚለው ስም ራሱ በላቲን «ኮምጣጣ» ከሚለው ቃል የመጣ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ነገሩን እያወቀችው ስሙን አታውቅም ነበር፤ እኔ ደግሞ ስሙን እያወቅሁ ነገሩን አላውቅም ነበር። ትምህርት ማለት እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ይመስለኛል።

እንግዲህ ንግግሬን ወደ መደምደሚያው ላቅርብ።

ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ የምትሰጡን ገንዘብ ለሁለት ይከፈል ብዬ እለምናለሁ። በአንዱ ክፍል በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጥቂት ኮምፒዩተሮች፣ ትምህርቶቹን ያለ ኢንተርኔት የሚያድል አንድ ዋና ኮምፒዩተር፣ ለክፍልም አንድ ፕሮጄክተር ይገዛ። በሌላው ክፍል የማያፈስሱ ቢዩሬቶች፣ ደኅና ሚዛን፣ የዓይን መከለያ መነጽርና በቍልፍ የሚዘጋ የኬሚካል ሣጥን ይገዛ። ኮምፒዩተሮቹ ቢያንሱ ተራ ይዘን እንማራለን፤ ቢዩሬት ከሌለ ግን ተራ የምንይዝበት ነገር የለም።

የተከበራችሁ አስተማሪዎቻችን፤ ፊልሙን ከላቦራቶሪው ቀን በፊት አሳዩን፤ ግን መካከል ላይ አቁማችሁ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብላችሁ በወረቀት አጽፉን። ከዚያ በእጃችን እንሥራው፤ ከሠራነውም በኋላ እንደ ገና ፊልሙን እንየው። እንደ ፕላዝማው ዘመን አስተማሪው ዳር ቆሞ የሚመለከትበት ክፍል አይሁንብን። እኔ ብልቃጡን ባበላሸሁ ጊዜ «እንደ ገና ይሞከር» ያለኝ ኮምፒዩተር አልነበረም።

ውድ ወላጆቻችን፤ ስልክ ይዞ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ይጫወታል አትበሉ፤ ያጠናል ብላችሁም ዝም ብላችሁ አትመኑ። «ዛሬ የተማርኸውን፣ የተማርሽውን እስቲ አስረዱኝ» በሉን። የገባን እንደ ሆነ በእንጀራና በወጥ አድርገን እናስረዳችኋለን፤ ያልገባን እንደ ሆነ ግን በእንግሊዝኛ ቃል እንደበቃለንና ወዲያው ታውቁብናላችሁ።

እናንተም ጓደኞቼ፤ ያያችሁትን ሁሉ ጻፉት፤ የጻፋችሁትን አስሉት፤ ያሰላችሁትን በእጃችሁ ሞክሩት። መልስ ከመላላክ ይልቅ ያልገባንን ጥያቄ እንላላክ።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሮች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚህ ግቢ እንሰናበታለን። ስለዚህ ዛሬ የለመንሁት ስጦታ ለእኔም ሆነ ለክፍል ጓደኞቼ አይደርስም። የሚደርሰው ዛሬ ከፊት ረድፍ ለተቀመጡት ለ9ኛ ክፍል ታናናሾቻችን ነው። ከእነርሱ አንዱ ወይም አንዲት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ጠረጴዛ ፊት ቆመው፣ በማያፈስስ ቢዩሬት፣ ያቺን የመጨረሻዋን ጠብታ ሲጥሉና ብልቃጡ ስስ ሮዝ ሲሆን ቢያዩ፣ የዛሬው ንግግሬ ከንቱ አልቀረም እላለሁ።